የሜረር መዝገብ

(ለጎልማሶች የመሠረተ ትምህርት ፕሮግራም በሬድዮ ከተላለፈ ንግግር የተገለበጠ)

 

ዛሬ ወደ ጥንቱ ዘመን፣ ወደ ግብፅ አገር እንሄዳለን። የምንሄደው አንድ ጥያቄ ይዘን ነው። ጥያቄውም ይኸ ነው፦ አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ትልቅ ሥራ፣ ብዙ ሰው ተባብሮ ሳይደናበርና ሳይጣላ የሚፈጽመው እንዴት ነው?

ይኸ ጥያቄ የእናንተም ነው። ምንጭ ስታጎለብቱ፣ መንገድ ስትጠርጉ፣ ትምህርት ቤት ስትሠሩ መምጣቱ አይቀርም።

ትልቁ ፒራሚድ

በካይሮ ከተማ አጠገብ፣ ጊዛ በሚባል ቦታ፣ ከድንጋይ የተሠራ በጣም ትልቅ ሕንፃ አለ። ፒራሚድ ይባላል። ከታች ሰፊ ነው፤ ወደ ላይ እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ይሾላል። ያሠራው ኩፉ የተባለ የግብፅ ንጉሥ ነው። ከተሠራ 4,500 ዓመት ያህል ሆኖታል። ሲሠራ ቁመቱ 146 ሜትር፣ የአንዱ ጎን ርዝመት ደግሞ 230 ሜትር ያህል ነበር። የገባበት ድንጋይ 2 ሚሊዮን 300 ሺህ ያህል እንደሚሆን ይገመታል። አንዱ ድንጋይ በአማካይ 25 ኩንታል ያህል ይመዝናል።

እስቲ ደብተራችሁን አውጡና አብረን እናስላ። ሥራው 20 ዓመት ፈጀ እንበል። 20 ዓመት 7,300 ቀን ነው። 2 ሚሊዮን 300 ሺህን ለ7,300 ብናካፍለው፣ ለአንድ ቀን 315 ድንጋይ ይደርሳል። ሰዎቹ በቀን 10 ሰዓት ሠሩ ብንል፣ በየሁለት ደቂቃው አንድ ድንጋይ ቦታውን መያዝ ነበረበት ማለት ነው። በዚያን ጊዜ መኪና የለም። የብረት መሣሪያም የለም። የነበራቸው የመዳብ መሮ፣ ድንጋይ፣ እንጨትና ገመድ ነው።

ታዲያ በምን ቻሉት?

ሥራው ተከፋፈለ፤ ሠራተኛውም በላ

ብዙ ሰው “ባሪያዎች በጅራፍ እየተገረፉ ሠሩት” ሲባል ሰምቶ ይሆናል። ሄሮዶቱስ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ ደግሞ መቶ ሺህ ሰዎች እየተፈራረቁ ሠሩት ብሎ ጽፏል። እርሱ ግን የጻፈው ፒራሚዱ ከተሠራ ከ2,000 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ብዙ ሊቃውንት የሠራተኛው ቁጥር ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር ይላሉ።

መሬቱ ራሱ ደግሞ ምስክርነቱን ሰጥቷል። በ1982 ዓ.ም. በፒራሚዱ አቅራቢያ የሠራተኞቹ መቃብር ተገኘ። ከዚያም የኖሩበት መንደር፣ ዳቦ የጋገሩበት ቤት፣ የበሉት የከብት፣ የበግና የፍየል አጥንት ተቆፍሮ ወጣ። ከአስከሬኖቹ መካከል ክንዳቸው ተሰብሮ በወጌሻ እጅ ተጠግኖ የዳነ አሉ። ሸክም ያጎበጠው ጀርባም አለ። ሥራው ከባድ ነበር፤ ሠራተኛው ግን ይመገብ ነበር፣ ሲሰበርም ይታከም ነበር። በንጉሡ መቃብር አጠገብ መቀበሩም ባሪያ እንዳልነበረ ያሳያል ይላሉ ሊቃውንቱ።

ሥራው ደግሞ በቡድን የተከፋፈለ ነበር። ቡድኖቹ ስም ነበራቸው። በፒራሚዱ ውስጥ ባሉ ድንጋዮች ላይ “የኩፉ ወዳጆች” የሚል የቡድን ስም በቀለም ተጽፎ ተገኝቷል። የእኛስ አባቶች “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይሉ የለ?

ሜረር ምን ጻፈ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ2005 ዓ.ም. ፒየር ታሌ የተባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በቀይ ባሕር ዳር፣ ዋዲ አል ጃርፍ በሚባል ቦታ ይቆፍሩ ነበር። ቦታው በኩፉ ዘመን ወደብ ነበር። እዚያም በዋሻዎች ደጃፍ፣ በትላልቅ ድንጋዮች መካከል፣ የተበጣጠሰ ጽሑፍ አገኙ። የተጻፈው በደንገል ላይ ነው። ደንገልን የጣና ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ታንኳ የሚሠራበት ነው። የጥንት ግብፆች ደንገሉን ሰንጥቀው፣ አነባብረውና ቀጥቅጠው እንደ ወረቀት ይጽፉበት ነበር። በደንገል ላይ ተጽፈው እስከ ዛሬ ከተገኙት ሁሉ የቀደመው ይኸ ነው።

ከጽሑፎቹ አንዱ ሜረር የተባለ ሰው መዝገብ ነው። ሜረር ንጉሥ አይደለም፣ መኮንንም አይደለም። የ40 ሰዎች አለቃ ነው። ሥራቸው ቱራ ከሚባል የድንጋይ ካባ ነጭ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ጭነው ወደ ጊዛ ማድረስ ነበር። ወንዙ ሲሞላ ጀልባው በቦይ አድርጎ ፒራሚዱ አጠገብ ይደርሳል። ያ ሙላት ከየት ይመጣ ነበር? ዋናው ከእኛው ደጋ ነው። ክረምት ላይ ዓባይና ተከዜ ሲሞሉ፣ ናይል እስከ ግብፅ ድረስ ይሞላ ነበር።

ሜረር ገጹን በመስመር ከፋፍሎ፣ በየቀኑ የሆነውን አሰፈረ። ዛሬ ድንጋይ ጫንን። ዛሬ በጀልባ ሄድን። ማታ እዚህ ቦታ አደርን። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው። በ10 ቀን ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሱ እንደነበር ከዚያ እንረዳለን። ሥራውን ይቆጣጠር የነበረው አንክሃፍ የተባለ የንጉሡ ዘመድ መሆኑም በዚያው ተጽፏል።

ሌሎቹ ቅጠሎች የምግብ ሂሳብ ናቸው። ሂሳቡ በጥቁርና በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ልክ እንደ ብራና መጻሕፍታችን። ሦስት ነገር ይዟል፦ ሊሰጥ የሚገባው፣ የተሰጠው፣ የቀረው። ይኸን ልብ በሉ። ከ4,500 ዓመት በፊት “ቀሪ ስንት ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

ሂሳቡ ሲጓደል

ከኩፉ 1,400 ዓመት ያህል በኋላ፣ ራምሴስ ሦስተኛ በነገሠ በ29ኛው ዓመት፣ የነገሥታቱን መቃብር የሚሠሩ ሰዎች ደመወዛቸው ዘገየ። ደመወዛቸው እህል ነበር። ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን ጥለው ወጡ፤ ሄደውም ቤተ መቅደስ አጠገብ ተቀመጡ። በታሪክ ተጽፎ ከምናገኘው የሥራ ማቆም ሁሉ የመጀመሪያው ይኸ ነው። የቀረባቸው እህል ያን ጊዜ ተሰጣቸው፤ ችግሩ ግን ደግሞ ተመልሶ መጣ። እኛ ይኸን ልናውቅ የቻልነው ጸሐፊያቸው አመናክት በደንገል ላይ ስለጻፈው ነው። ጽሑፍ አለቃው ሠራተኛውን የሚቆጣጠርበት ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛውም “ይኸን ያህል ይቀረኛል” ብሎ የሚከራከርበት ነው።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

ፒራሚዱ የአንድ ንጉሥ መቃብር ነው። ለሕዝቡ ውሃ አላወጣለትም፤ ልጅ አላስተማረለትም። መቃብሩን አንመኝም። ዘዴውን ግን እንውሰድ።

እኔ በማውቀው አንድ መንደር ለትምህርት ቤት አጥር ገንዘብ ተዋጣ። ማን እንደ ሰጠ፣ ማን እንደ ቀረበት የጻፈ አልነበረም። ጥቂት ወራት ሲያልፍ “ሰጥቻለሁ”፣ “አልሰጠህም” መባባል መጣ። ሌባ ነበረ እንዳይባል ማስረጃ የለም፤ አልነበረም እንዳይባልም ማስረጃ የለም። ጎረቤት ከጎረቤት ተኳረፈ፤ አጥሩም ጅምር ሆኖ ቀረ። ያ ሁሉ ጉልበት የፈሰሰው አንድ ደብተር በመጥፋቱ ነው።

ስለዚህ በቀበሌያችሁ ወይም በዕድራችሁ አንድ ሥራ ሲታሰብ እንዲህ አድርጉ። ሥራውን በቡድን ክፈሉት፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አለቃ ይኑረው። ለሚሠራው ሰው የሚበላውንና የሚጠጣውን አስቀድማችሁ አስቡ። ከዚያም በአንድ ደብተር ላይ ሦስት መስመር አስምሩ። በመጀመሪያው ሊሰጥ የሚገባውን፣ በሁለተኛው የተሰጠውን፣ በሦስተኛው የቀረውን ጻፉ። ቀኑንም አትርሱ። ደብተሩም በአንድ ሰው ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ አይቅር። በየስብሰባው ይነበብ።

እስከ ትናንት ድረስ ሲነበብላችሁ ዝም ብላችሁ ትሰሙ ነበር። ዛሬ ፊደል ቆጥራችኋል። “እስቲ መዝገቡን አሳዩኝ” ማለት ትችላላችሁ። ጸሐፊ ሁኑ ብትባሉም እሺ በሉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ድንጋይ ከጎተቱት ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች የብዙዎቹ ስም ጠፍቷል። የሜረርን ስም ግን ይኸው ዛሬ በሬድዮ ጠራነው።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። በሰላም ያገናኘን።

ለውይይት

1. ሜረር በየቀኑ ምን ምን ይጽፍ ነበር?
2. የራምሴስ ሦስተኛ ሠራተኞች ሥራ ያቆሙት ለምንድን ነው?
3. በአካባቢያችሁ በጅምር የቀረ ሥራ አለ? ምክንያቱ ምን ነበር?
4. ለዕድር መዋጮ የሚሆን ሦስት መስመር ያለው ሰንጠረዥ በደብተራችሁ ሥሩ።