ከጉና ግርጌ እስከ ውቅያኖስ ዳር፦ ልዑል ዓለማየሁ ያለፈባቸው የባሕር ዳርቻዎች

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ በመሆኗ ታሪኳ ሲጻፍ የባሕር ነገር እምብዛም አይነሣም። ይሁን እንጂ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከራስ ጉግሣ ጀምሮ የየጁ መሳፍንት፣ ከእነርሱም በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ መቀመጫቸው ባደረጓት ጊዜ፣ ወደ ምጽዋ የሚወስደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ዘወትር የሚታሰብ ጉዳይ ነበር። ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምዕራብ በሚገኘው በይፋግ ገበያ፣ ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ የሚመጣውና እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ከወደብ ከመጣ ጨርቅ ጋር ጎን ለጎን ይሸጥ ስለ ነበር፣ ደገኛው ባሕሩን ባያየው እንኳ ዕቃውን ያውቀው ነበር።

የአካባቢው ሰው በዓይኑ የሚያውቀው ሰፊ ውሃ ጣና ነው። ጣና በእሳተ ገሞራ ቅላጭ አለት ተገድቦ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ ሐይቅ ሲሆን፣ ከጉና ተዳፋት የሚነሡት ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች በክረምት አፈር ተሸክመው የፎገራን ሜዳ እያጥለቀለቁ ይገቡበታል። ስለዚህ የምሥራቁ ዳርቻ በአብዛኛው የደንገልና የጥቁር ጭቃ እንጂ የአሸዋ ዳርቻ አይደለም። ውሃው የሚሞላውና የሚጎድለውም በወቅት ነው፤ ክረምቱ ሲያልፍ ገበሬው ውሃው በሸሸበት እርጥብ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፣ የፎገራም ከብት ይሰማራበታል። ዳርቻው ታንኳ የሚጠጋበት፣ ከብት የሚጠጣበትና እህል የሚበቅልበት የሥራ ቦታ ነው፤ ለመዝናናት ብቻ ወደ ውሃ ዳር መሄድ የሚባል ልማድ በዚያ ዘመን አይታወቅም ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ ግን በዚህ ሐይቅ ላይ የባሕር ኃይልን ሐሳብ ሞክረውበታል። በ1858 ዓ.ም. በቆራጣና በዘጌ ሰፍረው ሳለ፣ ከደንገል በተሠሩ ትልልቅ ጀልባዎች ጎን በእጅ የሚዞሩ መንኮራኩሮች አስገጥመው የእንፋሎት መርከብን አሠራር ለመከተል መጣጣራቸውን በወቅቱ በእስር ላይ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ መሠራቱ በየመጽሐፉ ሲተረክ፣ የእነዚህ ጀልባዎች ነገር ሳይወሳ መቅረቱ ፍርደ ገምድልነት ይመስላል፤ ሁለቱም የአንድ ምኞት ሥራዎች ነበሩና።

ልጃቸው ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወልዶ የሕፃንነቱን ዘመን በአብዛኛው በመቅደላ አምባ አሳለፈ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እነብላንክን ለማስፈታት የመጣው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ አባቱ ሕይወታቸውን ካጠፉ በኋላ፣ ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር ከዚሁ ጦር ኋላ ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ እቴጌይቱ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ አርፈው በትግራይ በጨለቆት ተቀበሩ። በሰባት ዓመቱ ወላጅ አልባ የሆነው ልጅ በመጨረሻ የደረሰበት ዳርቻ፣ ከጥንታዊቷ ከአዱሊስ ፍርስራሽ አጠገብ ያለው ዙላ ነበር። ዙላ ጠፍጣፋና ዛፍ አልባ፣ በሰኔ ሙቀቱ የማይቻል ምድር ሲሆን፣ እንግሊዞች ከጥቂት ወራት በፊት ወደ ባሕሩ የሚዘልቅ የመርከብ መጠጊያ፣ የምድር ባቡር ሐዲድ፣ እንዲሁም የጨው ውሃን በእንፋሎት አጣርተው ወደ መጠጥ ውሃ የሚለውጡ መሣሪያዎች አቁመውበት ነበር። ከሕንድ ያመጧቸው 44 ዝሆኖችም የወረዱት በዚሁ ዳርቻ ነው። ጨዋማነቱ የማያስጠጣ ውሃ፣ ሊጠጡት የሚቻል ውሃም ከብረት ማሽን የሚቀዳበት ስፍራ፣ ከጣና ዳር ሕይወት ጋር ምንም የሚያመሳስለው አልነበረም።

ልዑሉ ከጦሩ አዛዥ ከጄኔራል ናፒየር ጋር ፌሮዝ በተባለው መርከብ ወደ ስዊዝ፣ ከእስክንድርያም በሌላ መርከብ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በሐምሌ ወር ፕሊመዝ ገባ፤ ወዲያውም ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት በሚገኘው በኦዝቦርን ቤተ መንግሥታቸው ተቀበሉት። የንግሥቲቱ የግል ዳርቻ የዘመኑን አዲስ ልማድ በግልጽ ያሳያል፤ በዚያም መንኮራኩር የተገጠመለት የእንጨት ጎጆ በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ ውሃ ውስጥ ይገባና ንግሥቲቱ ማንም ሳያያቸው ይታጠቡበት ነበር። በደሴቱ ምዕራብ ጫፍ በፍሬሽወተር ደግሞ ነጫጭ ገደሎች በቀጥታ ወደ ባሕር ይወርዳሉ። ገደሎቹ በጥንት ባሕር ወለል ላይ ከተከማቹ የጥቃቅን ፍጥረታት ቅርፊቶች የተሠሩ በመሆናቸው፣ ከእሳተ ገሞራ ከተወለደው ከጥቁሩ የጉና አለት ጋር በመልክም በአፈጣጠርም ተቃራኒ ናቸው። በአቅራቢያው በአለም ቤይ ቀይ፣ ቢጫና ነጭ አሸዋ በብርጭቆ ዕቃ እየተደረደረ ለጎብኚ ይሸጥ ነበር፤ የፎገራ ገበሬ የዳርቻውን አፈር ሽምብራ ሲያበቅልበት፣ የዚያ አገር ሰው ማስታወሻ አድርጎ ሸጦታል። ውሃውም እንደ ጣና ወቅት አይጠብቅም፤ በጨረቃና በፀሐይ ስበት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከፍ እያለ ዳርቻውን ይሸፍናል፣ ዝቅ እያለም ይገልጠዋል።

በዚሁ በፍሬሽወተር፣ ከባሕሩ ጥቂት ርቆ በሚገኝ ስቱዲዮ፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ታዋቂ ፎቶግራፍ አንሺ ልጁን ከአሳዳጊው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር አነሣችው። ስፒዲ ቀድሞ ዐፄ ቴዎድሮስን ያገለገለና አማርኛ የሚያውቅ፣ ባሻ ፈለቃ የሚል ስም የወጣለት መኮንን ነበር። በፎቶግራፎቹ ላይ ባሕሩ የለም፤ ልጁ ሸማ ለብሶ፣ ከፊቱ ሐዘን ሳይጠፋ ይታያል። ዳርቻው ለጎብኚዎች የዕረፍት ስፍራ ሲሆን፣ ለዓለማየሁ የግዞት መጀመሪያ እንደ ነበረ ከእነዚያ ምስሎች የበለጠ የሚመሰክር ሰነድ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ ሕንድንና ፔናንግን አይቶ፣ በራግቢና በሳንድኸርስት ተምሮ፣ በኅዳር 1872 ዓ.ም. ከባሕር ርቃ በምትገኘው በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ አረፈ፤ በንግሥቲቱ ትእዛዝም በዊንድዘር ተቀበረ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት ወር፣ የግብፅ መንግሥት መልእክተኛ የነበረው ጎርደን ፓሻ ልዑሉ በተወለደባት በደብረ ታቦር ከዐፄ ዮሐንስ ፊት ቀርቦ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ግብፅ የያዘችው ዙላ ለኢትዮጵያ እንዲሰጥ የሚል ነበር። ጎርደን ባዶ እጁን ተመለሰ። በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዐድዋ የተፈረመው የሂወት ውል ለኢትዮጵያ ዕቃ በምጽዋ በኩል በነፃ ማለፍን ቢፈቅድም ዳርቻውን አልመለሰም፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ምጽዋን ጣሊያኖች ያዙ።