እንዝርትና መወርወሪያ፦ የሴቶችና የወንዶች የክፍያ ልዩነት ከየት መጣ?



በዛሬው ርእሳችን ላይ ሕጋችን አያሻማም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የእኩል ክፍያን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። ልዩነቱ ግን አልጠፋም። እኔ እንደ ታሪክ አጥኚ ምክንያቱን የምፈልገው ከደመወዝ መዝገቡ ሳይሆን ከዚያ ቀደም ሲል ከነበረው የሥራ ክፍፍል ነው።

የሸማን ሥራ እንውሰድ። በደጋው አገራችን ጥጡን ዳምጣ፣ ባዘቶውን አዘጋጅታ፣ ድርና ማጉን የምትፈትለው ሴት ነበረች፤ የሚሸምነው ወንድ ነበር። ባለቤቲቱ ድውሯን ለሸማኔ ስትሰጥ የእጁን ዋጋ ትከፍለዋለች፤ እርሷ ለቤቷ ስትፈትል ላሳለፈችው ጊዜ ግን ከፋይ የለም። በአንድ ጋቢ ላይ ሁለት ድካም አለ፤ ዋጋ የወጣለት አንዱ ብቻ ነው።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቋቋም፣ መፍተል በዚህ በጣና ዳርቻ የደመወዝ ሥራ ሆነ። ሆኖም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ከማድረጉም በላይ፣ አገልጋይ ሊያቆምላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ያስገድድ ነበር። ስለዚህ ባለትዳር ወንድ ለደመወዝ ሲሠራ ቤቱን የሚይዝለት ሰው ነበረው፤ ሚስት ግን ከፋብሪካ ስትመለስ ሌላ ፈረቃ ይጠብቃታል። ድንጋጌው በክልላችን በ1995 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ቢተካም ልማዱ አብሮ አልተሻረም። ዛሬ እርሷን ተክታ ቤት የምትይዘውም አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሴት ናት፤ ያችም ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሽፋን ውጭ ሆና የምትሠራ።

«ልዩነቱ የትምህርትና የምርጫ ውጤት ነው» የሚል ክርክር አለ። የትምህርት ድርሻ አይካድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ክላውዲያ ጎልዲን በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ በትምህርትና በሙያ ተቀራራቢ በሆኑ ሰዎች መካከል እንኳ ልዩነቱ የሚሰፋው የመጀመሪያው ልጅ ከተወለደ በኋላ መሆኑን አሳይተዋል። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ የ120 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ሰጥቷል፤ መብቱ ተገቢ ነው። ከፋዩ ግን አሠሪው ብቻ በመሆኑ፣ ወጪውን አስቀድሞ የሚያሰላ አሠሪ ሴትን ከመቅጠር ወይም ከማሳደግ ሊያመነታ ይችላል። የሁሉም ልጅ የሚያድግበት ወጪ በአንዲት ሠራተኛ ዕድል ላይ ያርፋል ማለት ነው።

እንግዲህ «ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ» አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ፈታይዋና ሸማኔው ተመሳሳይ ሥራ አልሠሩም፤ ያለ ድሩ ግን ሸማ የለም። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የሥራ ደረጃ የምታወጡት እናንተ ናችሁ። የደመወዝ መዝገቡን ከማመሳከራችሁ በፊት፣ የትኛው ሥራ ለማን እንደተሰጠና ዋጋውን ማን እንደተመነው ጠይቁ።