የዛሪማ ወንዝን የጎርፍ ትንበያ ፋይሎች ማግኘትና መረዳት

በሰሜን ጎንደር ዞን አዲ አርቃይ ወረዳ የምትገኘው ዛሪማ ከተማ ከጎንደር ተነስቶ በደባርቅና በሊማሊሞ በኩል ወደ ሽሬ የሚያመራው መንገድ ያልፍባታል። በስሟ የሚጠራው ወንዝ ደግሞ ከስሜን ተራሮች አካባቢ የሚወርደውን የክረምት ውሃ ተቀብሎ ወደ ተከዜ ያደርሳል።

የባሕር ጠረፍ ያላቸው ሀገራት የማዕበል ሙላት ትንበያ ፋይሎችን በየዕለቱ ይከታተላሉ። ጠረፍ ለሌላት ኢትዮጵያ ተመጣጣኙ ስጋት የወንዝ ሙላት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸው፣ በዚያው ክረምት የፎገራ ሜዳ በውሃ መጥለቅለቁ የሚታወስ ነው።

በአሁኑ ወቅት ለማንኛውም ተጠቃሚ ክፍት ከሆኑት የወንዝ ትንበያዎች አንዱ ግሎፋስ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የጎርፍ መረጃ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ በአውሮፓ ኅብረት ኮፐርኒከስ መርሐ ግብር ሥር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛነት የሚሠራ ሲሆን፣ በየዕለቱ እስከ 30 ቀን የሚደርስ ትንበያ ያወጣል። ፋይሎቹን ለማግኘት በመረጃ ማከማቻው መመዝገብና የአጠቃቀም ደንቡን መቀበል ይበቃል፤ ክፍያ የለውም።

የመላውን ዓለም ፋይል ማውረድ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት የኢንተርኔት መስመር የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው በአካባቢ መወሰን ይኖርበታል። ለዛሪማና ለአካባቢው ሰሜን 14፣ ምዕራብ 37፣ ደቡብ 13፣ ምሥራቅ 39 ዲግሪ ብሎ መሙላት በቂ ነው። ፋይሉ ግሪብ ወይም ኔትሲዲኤፍ በተሰኙ ቅርጾች የሚቀርብ በመሆኑ በተራ የሠንጠረዥ ፕሮግራም አይከፈትም። ፓኖፕሊና ኪው ጂ አይ ኤስ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ግን ይከፍቱታል።

ስህተት በብዛት የሚፈጠረው በአነባበብ ላይ ነው። ካርታው በግምት 5 ኪሎ ሜትር ጎን ባላቸው ካሬዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ አሃዙ በካሬው ውስጥ የሚያልፈውን የውሃ መጠን በሜትር ኩብ በሰከንድ ያመለክታል። ወንዙ የሚያልፍበትን ካሬ ስቶ ጎረቤቱን የመረጠ ባለሙያ የዋናውን ወንዝ ሳይሆን የአንድ ጅረት አሃዝ ይዞ ይቀራል። ይህንን ለማጣራት ከሥርዓቱ ጋር የሚቀርበውን የተፋሰስ ስፋት ፋይል አብሮ መመልከት ይገባል።

የሰዓት ጉዳይም አለ። ፋይሉ የሚቆጥረው በግሪንዊች ሰዓት በመሆኑ እኩለ ሌሊት የሚለው በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። አሃዙም ከዚያ በፊት የነበሩት 24 ሰዓታት አማካይ ነው። በመሆኑም የነሐሴ 5 ማኅተም ያለበት አሃዝ በአብዛኛው የነሐሴ 4ን ውሎ ይገልጻል። ቀኑ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር መጻፉ ሲጨመርበት ማስጠንቀቂያን በአንድ ቀን ማዛባት ቀላል ይሆናል፤ በጎርፍ ጊዜ ደግሞ አንድ ቀን ብዙ ነው።

ትንበያው አንድ አሃዝ ብቻ አይደለም፤ 51 ትይዩ ስሌቶችን ይዟል። ከእነዚህ 40ዎቹ በ5 ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል ከሚባለው መጠን ካለፉ ዕድሉ 78 በመቶ ያህል ነው ማለት ነው። አማካዩን ብቻ ወስዶ ሌላውን መተው የፋይሉን ዋና ጥቅም መጣል ይሆናል። የ2፣ የ5 እና የ20 ዓመት መለኪያዎች ከሞዴሉ የራሱ ታሪካዊ ስሌት የወጡ ስለሆኑ ከዚያው ሞዴል ትንበያ ጋር ብቻ ይነጻጸራሉ። ሥርዓቱ በ2015 ዓ.ም. ወደ አራተኛ ትውልዱ ሲሸጋገር ካሬዎቹ ስላነሱ የቀድሞውን መለኪያ ከአዲሱ ትንበያ ጋር ማቀላቀል አያስኬድም።

ሥርዓቱ የማያየውም አለ። ከገደል የሚወርዱ ትናንሽ ጅረቶች በጥቂት ሰዓታት የሚያስከትሉት ደራሽ ጎርፍ ከ5 ኪሎ ሜትር ካሬና ከ24 ሰዓት አማካይ ያመልጣል። በዛሪማ ወንዝ ላይ ለወልቃይት ስኳር ልማት የተጀመረው የሜይ ዴይ ግድብ የመሰሉ ግንባታዎች የሚይዙትና የሚለቁት ውሃም በስሌቱ በትክክል ላይወከል ይችላል።

የወረደውን ዝናብ ለማመሳከር ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የቺርፕስ የሳተላይትና የጣቢያ ጥምር መረጃ መጠቀም ይቻላል፤ በዚህ ፋይል ውስጥ 9999 ከመቀነስ ምልክት ጋር ሲታይ መረጃ የለም ማለት እንጂ ዝናብ አልጣለም ማለት አይደለም። ለሕዝብ የሚነገር ይፋዊ የአየር ትንበያ ግን የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው ነው።