የካዛንቺስ ጭስ የት ገባ?

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች ነው። ኋላ ሰፈሩ በቡና ቤት ደመቀ፤ እኛም በሲጋራ ጭስ ታፍነን አመሸን። ያ ሁሉ ጭስ ታዲያ የት ገባ?

መልሱን ሲቲ ስካን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ ጭንቅላት አነሳ፤ ቆይቶ ወደ ደረት ወረደ። ሳንባን እንደ ዳቦ በስሱ ቆርሶ ያሳያል። ተራ ራጅ የሚያልፈው ኤምፊዚማ በአጫሹ የላይኛው ሳንባ ላይ ጥቋቁር ቀዳዳ ሆኖ ይታያል።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 በቡና ቤት ውስጥ ማጨስን ከለከለ፤ በ2017 አሮጌው ሰፈር ራሱ ፈረሰ። የዚያን ጊዜው አጫሽ ግን ዛሬም ሲያስለው «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል። ወዳጄ፣ ብርድ ላይሆን ይችላልና ተመርመር። የተበላ ሳንባ አይመለስም፤ ሲጋራውን የተወ ግን የቀረውን ያተርፋል።