ግስ ለቂጣው ሲታዘዝ

በምዕራብ ህንድ፣ በአህመዳባድ ከተማ፣ ከማዕድ የተነሳ ሰው «ቂጣ በላሁ» ለማለት «ሜ ሮትሊ ካዲ» ይላል። የበላው ሙዝ ከሆነ «ሜ ኬሉ ካዱ»፣ ላድቮ የሚባለው ድቡልቡል ጣፋጭ ከሆነ ደግሞ «ሜ ላድቮ ካዶ» ነው። ተናጋሪው ወንድ ሆነ ሴት ለውጥ የለውም። ግሱ ካዲ፣ ካዱ፣ ካዶ እያለ የሚከተለው በላተኛውን ሳይሆን የተበላውን ነው፤ ሮትሊ አንስታይ፣ ላድቮ ተባዕታይ፣ ኬሉ ደግሞ ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ፆታ ስላለው።

ቋንቋው ጉጃራቲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የህንድ ሕዝብ ቆጠራ 55 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አፍ መፍቻችን ብለውታል። የማህተማ ጋንዲም፣ የፓኪስታኑ መሥራች የመሐመድ አሊ ጂናም የእናት ቋንቋ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ፆታ ሰውንም ይነካል። ወንድ ልጅ «ቾክሮ»፣ ሴት ልጅ «ቾክሪ» ስትባል፣ ፆታው ሳይለይ በደፈናው የሚጠራ ልጅ «ቾክሩ» ነው። ግሱ ለቂጣው የሚታዘዘው ግን ድርጊቱ ካለቀ ነው። «ቂጣ እበላለሁ» ሲባል፣ «ሁ ሮትሊ ካው ቹ»፣ ግሱ ተመልሶ ለበላተኛው ያድራል። ምክንያቱ ሩቅ ነው፤ በጉጃራቲ ቅድመ አያት በጥንቱ ሳንስክሪት የነበሩት የኃላፊ ጊዜ ግሶች ከአፍ ሲጠፉ ቦታቸውን የያዘው «በእኔ የተበላ ቂጣ» ዓይነት አነጋገር ነበር። «የተበላ» የሚለው ቅጽል ከቂጣው ጋር እንደሚስማማ ሁሉ፣ ከሱ የተወለደው ግስም ከቂጣው ጋር ቀረ።

አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ይገረም ይሆናል። ግን ግስን ዓረፍተ ነገር መዝጊያ ላይ ማስቀመጡ የጋራ ነው፤ ረሃብም በሁለቱም ቋንቋ ሰውየውን ባለቤት አያደርገውም። እኛ «ራበኝ» እንላለን፤ ጉጃራቲው «ማኔ ቡክ ላጊ» ይላል፣ ረሃብ ነካኝ እንደማለት።

«እኛ» የሚለው ቃል ግን ለጉጃራቲዎች አንድ አይበቃቸውም። ባለሱቁ ለደንበኛው «አማሪ ዱካን»፣ ሱቃችን፣ ካለ ሱቁ የእሱና የቤተሰቡ ነው፤ ደንበኛው የለበትም። ለሽርካው «አፕኒ ዱካን» ካለ ግን ሰሚውም ባለድርሻ ነው። ለነጋዴ አገር የሚያስፈልግ ልዩነት ነው።

የቋንቋው ሥር የተመዘገበው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በጉጃራት፣ በፓታን ከተማ ቤተ መንግሥት ነው። ንጉሥ ሲድራጅ ጃይሲንህ ማልዋን ድል አድርጎ የተማረኩትን መጻሕፍት ሲያይ፣ የጎረቤቱ አገር ንጉሥ ቦጃ የሰዋስው መጽሐፍ እንደነበረው ተረድቶ «ለእኛስ?» ብሎ ጠየቀ ይባላል። የጃይን ሃይማኖት መነኩሴው ሄማቻንድራ መልሱን ጻፈ፤ ርዕሱም «ሲድሄም» ብሎ የሚጀምረው የንጉሡንና የራሱን ስም አጣምሮ ነው። መጽሐፉ በዝሆን ጀርባ ከተማውን እንደዞረ ይተረካል። ለእኛ ጉዳይ ትልቁ ግን ስምንተኛው ምዕራፍ ነው፤ የሕዝቡን ልሳናት፣ በመጨረሻም ጉጃራቲ የበቀለበትን አፓብህራምሻን፣ ከነስንኞቹ መዝግቦ አቆይቷል። ያን ያህል የተማረ ሰው የገበያውን አፍ ለሰዋስው ማብቃቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

ፊደሉን የሠሩት ደግሞ ነጋዴዎች ናቸው። መነሻቸው በሆነው በዴቫናጋሪ ፊደላት ራስ ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ የሚዘረጋውን አግድም መስመር፣ ለደብዳቤና ለሒሳብ መዝገብ ጊዜ ይፈጃል ብለው ጣሉት። አናባቢ ምልክቶችንም ይዘሉ ነበር፤ ግዕዝም በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አናባቢ እስኪቀበል እንዲሁ በተነባቢ ብቻ ይጻፍ ነበር። ከነጋዴዎቹ አጻጻፍ የመጣ የቆየ ጨዋታ አለ። ከነጋዴ ቤት «ካካ አጅሜር ጋያ ቼ»፣ አጎት ወደ አጅሜር ሄዷል፣ የሚል ደብዳቤ ይላካል። ተቀባዩ አናባቢውን ከልቡ ሞልቶ «ካካ አጅ ማሪ ጋያ ቼ» ብሎ ያነበዋል፤ አጎት ዛሬ ሞቷል። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ።

ማተሚያ ቤት እንዲህ ያለውን አይታገስም። ከፓርሲ ማኅበረሰብ የሆነው ፋርዱንጂ ማርዝባን እ.ኤ.አ. በ1822 በቦምቤይ የጀመረው የጉጃራቲ ጋዜጣ «ሳማቻር» ዛሬም ይታተማል። የሆሄው አጻጻፍ ግን ከዚያ በኋላም ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሳይጠራ ቆየ። ጋንዲ የመሠረቱት ጉጃራት ቪድያፒት የተባለው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1929 የሆሄ መዝገበ ቃላቱን አወጣ፤ ጋንዲም ከእንግዲህ ማንም እንዳሻው የመጻፍ መብት የለውም አሉ።