ሰውነት የማያውቀው እንግዳ

ኤምአርአይ የሚያዳምጠው ውሃችንን ነው፡፡ ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ውስጥ ያስተኛንና በሰውነታችን ውሃና ስብ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጂን በራዲዮ ሞገድ ቆስቁሶ የሚመልሰውን ምልክት ይለቅማል፡፡ አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር በዚህ ዘዴ የሠራውን ምስል በ1973 ሲያሳትም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምንቆጥረው) የሚታየው በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያለ ውሃ ነበር፡፡ «ኔቸር» መጽሔት ጽሑፉን መጀመሪያ አልቀበልም ብሎት ነበር፡፡ ሰውየው በ2003 ከእንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ጋር ኖቤል ተሸለመበት፡፡ ጽሑፋችንን የምትመልሱ አዘጋጆች ልብ በሉልን!

ችግሩ ግን ዕጢውም ውሃ አለው፣ ጎረቤቱ ጤነኛ ሥጋም ውሃ አለው፡፡ ሐኪሞች ሁለቱን ለመለየት ብዙ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ «ኮንትራስት» ይጠቀማሉ፡፡ የዚህ ሠፈር ንጉሥ ጋዶሊኒየም የተባለ ብረት ነው፡፡ ብቻውን መርዝ ስለሆነ በሌላ ሞለኪውል ተጠቅልሎ ነው የሚሰጠው፡፡ የጀርመኑ ሼሪንግ ኩባንያ «ማግኔቪስት» በ1988 ፈቃድ አግኝቶ ገበያ ገባ፡፡ በ2006 ግን ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማንን ቆዳ የሚያጠጥርና መገጣጠሚያ የሚያደርቅ ከባድ በሽታ ከነዚሁ መድኃኒቶች ጋር መያያዙ ታወቀ፡፡ ቁጥሩን አስሉት፤ 18 ዓመት! በ2017 አውሮፓ ጥቅላቸው ከላላው ዓይነቶች በርከት ያሉትን አገደች፤ ጥቅላቸው የጠበቀው ዛሬም ያገለግላሉ፡፡

ፍሎሪን የመጣው በሌላ በር ነው፡፡ በ1977 እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ውስጥ፣ ሆላንድ፣ ቦተምሊና ሂንሾው የተባሉ ተመራማሪዎች ጆሯቸውን ከሃይድሮጂን ወደ ፍሎሪን አዙረው በዚያም ምስል እንደሚገኝ አሳዩ፡፡ የፍሎሪን ምልክት ጉልበት የሃይድሮጂንን 83 በመቶ ያህል ነው፡፡ ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ደግሞ በለስላሳው አካላችን ውስጥ ማሽኑ የሚያየው ፍሎሪን የለም ቢባል ማጋነን አለመሆኑ ነው፡፡ ያለው ጥርስና አጥንት ውስጥ ነው (የስምጥ ሸለቆን ውሃ ጠጥተው ያደጉ ወገኖቻችን ጥርስ የሚበልዘው በዚሁ በፍሎራይድ ነው)፤ እሱም እንደ ድንጋይ ስለተጋገረ ለማሽኑ አይታይም፡፡ ስለዚህ ከውጭ ያስገባነው ፍሎሪን በጨለማ ሜዳ ላይ እንደበራ ኩራዝ ብቻውን ቦግ ይላል፡፡

አንድ ኩራዝ ግን አይበቃም፤ እልፍ ያስፈልጋል፡፡ ፖሊመር የተፈለገውም ለዚህ ነው፡፡ ፖሊመር እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተቀጣጥሎ የረዘመ ሞለኪውል ስለሆነ በየዶቃው ላይ ፍሎሪን ማንጠልጠል ይቻላል፡፡ በ2005 ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ አሬንስና ባልደረቦቹ የበሽታ መከላከያ ህዋሳትን እንዲህ ያለ የፍሎሪን ፖሊመር አጉርሰው አይጥ ውስጥ ከተቱና ህዋሳቱ የደረሱበትን በኤምአርአይ ተከታተሉ፡፡ በ2014 ደግሞ በትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማን ላይ የተደረገ የመጀመሪያ ሙከራ ውጤት ታተመ፡፡ ህዋስ በመርፌ ሰጥቶ «የት ደረሰ ይሆን?» እያለ ለሚጨነቅ ሐኪም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፡፡

ፍሎሪን የበዛበት ነገር ሁሉ ግን ጠባዩ አስቸጋሪ ነው፡፡ ውሃ አይወድም፡፡ የመጥበሻችን ቴፍሎን፣ ሮይ ፕሉንኬት በ1938 ሳያስበው ያገኘው፣ የዚሁ ዘር ነው፡፡ ሰንሰለቱ ደም ውስጥ ሲገባ ውሃውን ሸሽቶ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ፍሎሪኑ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ካልተንቀሳቀሰ ምልክቱ ይሞታል፡፡ አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የአንድሪው ዊተከር ቡድን ይህን ለመፍታት ፍሎሪኑን ውሃ ከሚወዱ ቅርንጫፋም ፖሊመሮች ጋር አዋህዶ እንደልቡ እንዲወዛወዝ አደረገ፡፡ እኛን ከሁሉ የማረከን ይህ ነው፡፡ ማሽኑን ሳይነኩ መልእክተኛውን ማሠልጠን!

የሚያሰጋን ሌላ ነው፡፡ እንግዳው የሚታየው ሰውነት ስለማያውቀው ነው፤ ስለማያውቀው ደግሞ ሊሰባብረው አይችልም፡፡ የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር ሰውነታችን በቀላሉ የሚፈታው ቋጠሮ አይደለም፡፡ አውሮፓ ውስጥ አምስት አገሮች በ2023 እንዲህ ያሉ የማይበሰብሱ የፍሎሪን ውህዶች በጅምላ እንዲገደቡ ሐሳብ አቅርበዋል፡፡ ከጋዶሊኒየም 18 ዓመት በኋላ «መቼ ይወጣል?» የሚለው ጥያቄ ከ«ምን ያሳያል?» እኩል መጠየቅ አለበት እንላለን፡፡

መልሱ ከመጠን ጋር የተያያዘ ነው፡፡ ኩላሊት በቀላሉ አጣርቶ በሽንት የሚያስወጣው ከ5 ወይም 6 ናኖሜትር ያነሰውን ነው፡፡ ፖሊመሩ ከዚያ ካነሰ ዕጢው ዘንድ በቂ ሆኖ ሳይጠራቀም ሊወጣ ይችላል፤ ከበለጠ ደግሞ ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ቤት ይሠራል፡፡ አንዳንድ ኬሚስቶች አሁን የሚሞክሩት ትልቅ ሆኖ የሚገባ፣ ሥራውን ሲጨርስ ግን ተቆራርጦ የሚወጣ ሰንሰለት ነው፡፡