ከሜዳ አውሬ እስከ ጦር ሜዳ፦ የአንዲት ትንሽ ጥይት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1967 መኸር የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ አንድ ሪፖርት አወጣ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ነገሩ በቬትናም ጫካ ውስጥ ኤም 16 የተባለው አዲስ ጠመንጃ በወታደሮች እጅ እየነከሰ ስለ ማስቸገሩ ነበር። የተተኮሰው ቀለህ አልወጣም ብሎ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ ወታደሩ በማጽጃ ዘንግ ከአፈሙዙ በኩል ገፍቶ ለማውጣት ይታገላል፤ ጠላት ደግሞ አይጠብቀውም። እንዲህ እየታገሉ ሳሉ ስለተገደሉ ጓዶቻቸው የሚናገሩ ደብዳቤዎች ከጦር ሜዳ ወደ አሜሪካ ይጎርፉ ነበር። ኮሚቴው የጥይቱን ችግር እያወቁ ያላረሙ የሠራዊቱ ኃላፊዎች ጥፋት ወንጀል ወደሚባል ቸልተኝነት የተጠጋ ነው አለ።

የዚያች ጥይት እናት ግን ለጦርነት አልተሠራችም። የተሠራችው ለሜዳ አውሬ አዳኞች ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በምዕራብ አሜሪካ ሜዳ ላይ፣ ኮዮቴ ከተባለ እንስሳ ጋር ነው።

ኮዮቴ በመጠኑ ከቀበሮ የሚበልጥ፣ ከተኩላ የሚያንስ የውሻ ዘመድ ነው። ክብደቱ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ይሆናል። ስሙ የመጣው ከሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች የናዋትል ቋንቋ ነው። ዛሬ ዴንቨር ወይም ሎስ አንጀለስ የሚኖር ሰው ጎሕ ሳይቀድ ከቤቱ ሲወጣ በመንገድ ዳር ሊያየው ይችላል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን የበግ አርቢው ቀንደኛ ጠላት ተብሎ የተፈረደበት እንስሳ ነበር።

ፍርዱ የአርቢው ብቻ አልነበረም፤ መንግሥት ገንዘብ መድቦበታል። የአሜሪካ ምክር ቤት ከ1915 ጀምሮ ለአዳኝ አራዊት ማጥፊያ በጀት ይሰጥ ጀመር። ተኩላው በአብዛኛው አገር አለቀ። ኮዮቴው ግን ቀረ። በ1931 የወጣው ሕግ ለአሥር ዓመት በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ ፈቀደ፤ ስትሪክኒን የተቀባ ሥጋ በየሜዳው ተበተነ፤ በ1940ዎቹ ደግሞ ከዚያ የባሱ መርዞች መጡ። መርዙ ንስሩንም፣ ውሻውንም፣ የቀረበለትን ሁሉ ገደለ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 በፌዴራል መሬት ላይ መርዝ መጠቀምን እስኪያግዱ ድረስ እንዲህ ቀጠለ።

መርዙን የመንግሥት ሠራተኛ ይዘራል፤ ጠመንጃው ግን የግለሰቡ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ሽማግሌዎች ምንሽር፣ ውጅግራ፣ አልቤን እያሉ ጠመንጃን በስሙና በጠባዩ እንደሚለዩት ሁሉ፣ የዋዮሚንግና የሞንታና አርቢም የጥይቱን ቁጥር እንደ ልጁ ስም ይጠራል። ክርክሩም የዚያን ያህል የጋለ ነው።

የክርክሩ ሥር ቀላል ነው። ኮዮቴ ብልጥ ስለሆነ አያስጠጋም። ልቡና ሳንባው ያለበት ቦታ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይሰፋም። በ250 እና በ300 ሜትር ርቀት ያንን ስንዝር ለማግኘት ተኳሹ ሁለት ነገሮችን ማሸነፍ አለበት፤ አረሩ ወደ መሬት የሚወርድበትን መጠንና ነፋሱ ወደ ጎን የሚገፋበትን መጠን። የዱሮው አዳኝ ርቀቱን የሚለካው በዓይኑ ግምት ስለነበር ይበልጥ የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው። 300 ሜትሩን 230 ብሎ ቢገምት አረሩ ከኮዮቴው ሆድ በታች አፈር ይነካል። መድኃኒቱ ፍጥነት ነው፤ አረሩ በፈጠነ ቁጥር መንገዱ ቀጥ ይላል፤ የግምት ስህተትም ይቅር ይባላል።

ፍጥነትን ፍለጋው በ1920ዎቹ በጥቂት ሰዎች ቤት ተጀመረ። ከእነርሱ መካከል እንደ ታውንሰንድ ዌለን ያሉ መኮንኖች ነበሩ። ያረጀ የትንሽ ጥይት ቀለህ ወስደው በዘመናዊ ባሩድ ሞሉት። ዊንቸስተር የእነርሱን ሙከራ ተከትሎ በ1930 ሆርኔት የተባለውን ጥይት ለገበያ አወጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ኩባንያ 220 ስዊፍትን አመጣ፤ 3 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር በሰከንድ ከ1,250 ሜትር በላይ ይወረውራል። በዚያ ዘመን ይህ የማይታመን ነበር። ዋጋው ግን በአፈሙዙ ውስጥ ተከፈለ፤ የባሩዱ ግለት የውስጡን ብረት ቶሎ ይበላል ተብሎ ስሙ ጠፋ። ስሙ የጠፋው ከሚገባው በላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ጠመንጃውን እያቀዘቀዙና እያጸዱ የሚተኩሱት ሰዎች ብዙም አላማረሩም።

ሌሎች ደግሞ ፋብሪካ አልጠበቁም። የ250 ሳቬጅን ቀለህ አፉን አጥብበው 5.6 ሚሊሜትር አረር ከተቱበት፤ 22-250 የሚባለው ጥይት ተወለደ። ይህ ጥይት ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ በሱቅ አልተሸጠም፤ የፈለገ ሰው በእጁ መሥራት ነበረበት። ብራውኒንግ በ1963 ፋብሪካ ጥይት ለሌለው ለዚህ ቀለህ ጠመንጃ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ሬሚንግተን ጥይቱን በይፋ የተቀበለው በ1965 ነው። ዛሬ ኮዮቴ አዳኞች ከሚወዷቸው ጥይቶች የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው። ከተራ ሰዎች ማጀት ወጥቶ ፋብሪካውን ያስከተለ ጥይት ነው ማለት ይቻላል።

ጥይትን በእጅ መሙላት የሚለው ነገር ለማያውቀው ሰው አደገኛ ቀልድ ይመስላል። ሥራው ግን ከወርቅ አንጥረኛ ሥራ ጋር ይቀራረባል። የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም፤ ይጸዳል፣ በብረት ቅርጽ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ከግርጌው ባሩዱን የሚለኩሰው ቆብ ይቀየርለታል፣ ባሩዱ በሚዛን እስከ ጥቂት ሚሊግራም ተለክቶ ይገባበታል፣ በመጨረሻ አረሩ በተወሰነ ጥልቀት ይሰካል። ባሩድ ማብዛት ጠመንጃውን ከተኳሹ ፊት ላይ ሊያፈነዳው ስለሚችል ከታተመው የልክ ሰንጠረዥ ከዝቅተኛው ተነስቶ ቀስ እያሉ መውጣት ግድ ነው። ጥቅሙ ምንድን ነው? በአንድ ጠመንጃ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ የዚያን ጠመንጃ ጉሮሮ ቅርጽ ይይዛል፤ አረሩም ባሩዱም ለዚያው ጠመንጃ ጠባይ ይመረጣሉ። ለብዙኃኑ የተሠራ የፋብሪካ ጥይት ይህን ሁሉ አያውቅም።

ኢንዱስትሪው ራሱ ከዚሁ ማጀት ነው የወጣው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መዳብ ሁሉ ወደ ጦር ፋብሪካ ስለሄደ አረር ጠፋ። ፍሬድ ሀንቲንግተን የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው በ1943 ከአባቱ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ ተቀምጦ የተጣሉ ትንንሽ ቀለሆችን የአረር ሽፋን የሚያደርግ መሣሪያ ሠራ። የመሣሪያው ስም ከአንድ የአይጥ ዘመድ የሜዳ እንስሳ የተወሰደ ነበር፤ አርሲቢኤስ የሚባለው ታዋቂ ኩባንያ ስም እስከ ዛሬ የዚያ ምሕጻረ ቃል ነው። ቨርነን ስፒርና ጆይስ ሆርናዲም በተመሳሳይ መንገድ ከተጣለ ቀለህ አረር እየሠሩ ጀመሩ፤ ሁለቱም በኋላ በስማቸው የሚጠሩ ፋብሪካዎች አቆሙ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ባሩድ ተረፈ። ብሩስ ሆጅደን የተባለ የካንሳስ ሰው በሕይወት መድኑ ላይ ተበድሮ ለሠራዊቱ ጠመንጃ ተዘጋጅቶ የነበረ ከ22 ቶን በላይ ትርፍ ባሩድ ገዛ። በአሮጌ የባቡር ፉርጎ ውስጥ አከማችቶ ለአዳኞች በርካሽ ቸረቸረው። የወታደር ባሩድ በዚህ መንገድ ወደ ኮዮቴ አዳኝ ማጀት ገባ። ቀጥሎ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው።

በ1950 ማይክ ዎከር የተባለ የሬሚንግተን መሐንዲስ 222 የተባለ ጥይት አወጣ። ዎከር ራሱ የኢላማ ተኳሽ ነበር፤ ትንሽ፣ የማይረግጥ፣ እጅግ ትክክለኛ ጥይት ነው የፈለገው። ኢላማ ተኳሾችና የትንንሽ አውሬ አዳኞች ወዲያው ተሻሙበት። በ1957 ገደማ የአሜሪካ ጦር ቀላል ጠመንጃ ሲፈልግ ዩጂን ስቶነር የተባለው የአርማላይት ኩባንያ ንድፍ አውጪ ይህንኑ የአዳኞች ጥይት ወሰደ። ጦሩ አረሩ በ500 ያርድ ላይ የብረት ቆብ እንዲበሳ ስለጠየቀ ቀለሁ ትንሽ እንዲረዝም ተደረገ። 223 የተወለደችው እንዲህ ነው፤ በወታደራዊ ስሟ 5.56።

አዳኞቹ የሚያውቁትን ሁለት ትምህርቶች ግን ጦሩ በደም ተማራቸው ቢባል ማጋነን አይደለም። አንደኛው የአፈሙዝ ውስጥ ጥምዝ ነው። አረሩን የሚያሽከረክረው ጥምዝ መስመር መጀመሪያ በ14 ኢንች አንድ ዙር ነበር፤ ለቀላል የአደን አረር ይህ ይበቃል። በከባድ ብርድ ሲሞከር ግን አየሩ ስለሚጠጥር አረሩ መንገዱን ሳተ፤ በ1963 ወደ 12 ኢንች ተጠጋ። ይህ ቢያንስ ጦርነት ላይ ሳይደርስ ታረመ።

ሁለተኛው ባሩዱ ነው። ጠመንጃው የተሞከረው በአንድ ዓይነት ባሩድ ነበር። ጠመንጃው በብዛት ለወታደር ከመታደሉ በፊት በ1964 ሠራዊቱ ሌላ ዓይነት ባሩድ ፈቀደ። አዲሱ ባሩድ የጠመንጃውን አተኳኮስ ከልኩ በላይ አፈጠነው፤ ውስጡንም በዝቃጭ አቆሸሸው። በዚያ ላይ ጥይቱ የሚገባበት ጉሮሮ ክሮም አልተቀባም፤ ጠመንጃው ብዙ መጽዳት አያስፈልገውም ተብሎ ማጽጃ እንኳ ለብዙዎቹ አልታደለም። ማንኛውም በእጁ ጥይት የሚሞላ አርቢ ባሩድ ሲቀይር ሥራውን ከዝቅተኛው ልክ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ሕጉ ይህ ነው። ታላቁ ሠራዊት ግን ባሩድ ቀይሮ የቀረውን እንዳለ ተወው። በኋላ ባሩዱ ተስተካከለ፣ ጉሮሮውም ክሮም ተቀባ፤ የሞቱት ግን ሞተዋል።

በአደኑ በኩልም የጥምዝ ጉዳይ አንድ ኩባንያ ገበያ አሳጥቷል። በ1955 ዊንቸስተር 243ን፣ ሬሚንግተን ደግሞ 244ን አወጡ፤ ሁለቱም 6 ሚሊሜትር ናቸው። ሬሚንግተን ገዢው የሚፈልገው የኮዮቴ ጠመንጃ ነው ብሎ ለቀላል አረር የሚሆን ዘገምተኛ ጥምዝ ሰጠው። ዊንቸስተር ከባድ የአጋዘን አረርም የሚያሽከረክር አደረገው። ገበሬው ደግሞ ሁለት ጠመንጃ የመግዛት አቅም የለውም፤ በጋውን ኮዮቴ፣ መኸሩን አጋዘን የሚያድንበትን አንዱን ገዛ። ሬሚንግተን በ1963 ጥምዙን ቀይሮ፣ ስሙንም ቀይሮ ተመለሰ፤ ገበያው ግን አምልጦታል።

ዛሬ ሚዛኑ ተቀይሯል። የሌዘር ርቀት መለኪያ በየአዳኙ ኪስ ስለገባ የርቀት ግምት ስህተት ብዙ አያሳስብም፤ የቀረው ነፋሱ ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ የ223ን ቀላል አረር በ300 ሜትር ላይ ከአንድ ስንዝር በላይ ይገፋዋል፤ ማለትም ከኮዮቴው ደረት ያስወጣዋል። ስለዚህ ብዙዎች የአያቶቻቸውን ፍጥነት ትተው ረዘም፣ ከበድ፣ ሾል ያለ አረር በ8 ወይም በ7 ኢንች ጥምዝ ይመርጣሉ፤ ፍጥነቱ ያንሳል፣ ነፋስ ግን አይጫወትበትም። ቆዳውን የሚሸጠው አዳኝ ደግሞ ሌላ ስሌት አለበት፤ ፈጣኑ ቀላል አረር ቆዳውን ሊቀድደው ስለሚችል ትንሽ ቀዳዳ የሚተወውን ይፈልጋል። ኮዮቴ በዋነኝነት የሚታደነው በክረምት ብርድ ስለሆነም በሐምሌ ሙቀት የተመረጠ ባሩድ በጥር በረዶ ላይ ያንኑ ፍጥነት መስጠቱ መፈተሽ አለበት። ለእነዚህ ሁሉ መልስ የሚሆን አንድ ጠመንጃ የለም፤ አለ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ራሱ ጠመንጃ ነው።

ኮዮቴውስ? በዚህ ሁሉ ጥበብ መካከል አላለቀም። ተመራማሪው ፍሬድሪክ ኖውልተን በ1972 በቴክሳስ ሥራው እንዳሳየው ቁጥራቸው በመሳሳቱ ምግብ የተረፋቸው ኮዮቴዎች በአንድ ጊዜ ከ4 ይልቅ ወደ 7 የሚጠጉ ግልገሎች ይወልዳሉ። የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞች ዛሬም በዓመት ከ50,000 በላይ ይገድላሉ፤ ከሄሊኮፕተርም ጭምር። እንስሳው ግን ከሃዋይ በስተቀር በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች አለ፤ ወደ ደቡብም ፓናማን ደርሷል። የበጎቹ ቁጥር ነው የወረደው፤ በ1942 ከነበረበት 56 ሚሊዮን ዛሬ ወደ 5 ሚሊዮን ገደማ። ኮዮቴ በግ መብላቱ እውነት ነው፣ ከአዳኝ አራዊት ሁሉ ይበልጣል፤ አርቢውን ከሥራ ያስወጣው ግን ይበልጡን የሱፍና የሥጋ ገበያው ነው። አንድ ሌሊት ሃያ ግልገል የታረደበት ሰው ይህን ሲሰማ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ሌላው ወገን ደግሞ በሽልማት የሚደረግ የኮዮቴ ግድያ ውድድርን ይቃወማል፤ ካሊፎርኒያ በ2014 ሽልማቱን ከለከለች፣ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ።

ከዩክሬን ጦርነት ወዲህ ደግሞ አዳኙ አዲስ ችግር ገጥሞታል። የባሩድ ዋና ጥሬ ዕቃ የሆነው ናይትሮሴሉሎስ ለመድፍ ጥይት በዓለም ዙሪያ ስለሚፈለግ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የነበረው የባሩድ ቆርቆሮ ተወዷል፣ አንዳንዱም ዓይነት ከነጭራሹ ይጠፋል። ሆጅደን ከጦርነት የተረፈውን ባሩድ በፉርጎ ጭኖ ለአርቢው ካደለ ሰባ አምስት ዓመት አልፎታል፤ አሁን የዋዮሚንጉ ሰው የቀረችውን አንድ ቆርቆሮ በሚዛን እየቆጠበ ክረምቱን ይጠብቃል።